አጅሪት የማን ናት?

ሉልሰገድን ባየሁ ቁጥር ምራቄን ትፋ ትፋ ይለኛል። ፒያሳ ስኖር ስንት ኪስ አውላቂ አይቻለሁ። ኪስ አውላቂ እንኳ ሲሰርቅ ይፈራል፣ ሲነቃበት ይሮጣል። ይሄ ግን ከረባቱን አስሮ፣ ማመልከቻ ጽፎ፣ ወረፋ ይዞ ነው የሚሰርቀው።

ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት «ጉዳይ አስፈጻሚ» ይላል። ድንቄም! ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ባይ ነው። ዕድሜውን የፈጀው ሌላ ሰው ለአሻንጉሊት ያወጣውን ስም ሲለቅም ነው። የተዘጋ ፋብሪካ፣ የከሰረ ነጋዴ፣ ማን ምን ስም ትቶ እንደሄደ በደብተር ይጽፋል። አንድ ጊዜ ድሮ የቀረ የድብ አሻንጉሊት ስም በላስቲክ መኪና ላይ ለጠፈና ገበያ አወጣው። ማን ይግዛው? ስም ብቻውን የሚሸጥ መስሎት! ያኔ ነው ዓይኑን ገና ገበያ ላይ ያለ ስም ላይ የጣለው።

አክበረት ጊዮርጊስ አጠገብ በአንዲት ጠባብ ክፍል የጨርቅ አሻንጉሊት ትሰፋለች። አሻንጉሊቷ ሻሽ ያሰረች፣ እጇን ወገቧ ላይ ያደረገች፣ አንድ ቅንድቧን ሽቅብ የሰቀለች ናት። ስሟ አጅሪት። አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ስም ተሸጠች። እኔ እሸቴ፣ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ሲወርዱ ማኅተም የምቀርጸው፣ የአጅሪትን ስም ማኅተም የቀረጽኩላት በገዛ እጄ ነው። የንግድ ምልክት ይመዝገብ ያላት ግን የለም፤ እኔም አላልኳት።

አንድ ቀን ደብዳቤ ይዛ መጣች። አጅሪት የሚለው ስም በሉልሰገድ ተመዝግቧል፣ ከእንግዲህ እንዳትጠቀሚ ይላል። መዋዕለ ሕፃናቱም ሱቆቹም ወረቀቱን ሲሰሙ ዕቃዋን አንቀበልም አሉ። ስሙን ትታ ብትሸጥ ደግሞ ልጆቹ የሚጠይቁት አጅሪትን ነው። ከሷ ጋር ሦስት ሴቶች ይሰፋሉ፤ ስሙ ከሄደ ሁሉም ሥራ መፍታታቸው ነው።

«ተነሺ፣ ከኔ ወዲያ ምስክር የታለና!» አልኳት። ደረቴን ነፍቼ የንግድ ምልክት ወደሚመዘግበው መሥሪያ ቤት ይዣት ሄድኩ።

ባለሙያዋ ፋይሉን ገለጠች። «አሻንጉሊቷን የፈጠራት አቶ ሉልሰገድ እንደሆነ፣ ወይዘሮ አክበረትም ለሱ ተቀጥራ እንደምትሰፋ አሥራ አራት ጎረቤቶች ፈርመዋል» አለችና ወረቀቱን ወደኔ አዞረችው። አራተኛው ላይ የኔ ፊርማ። ከነማኅተሜ!

የፈረምኩት የጎረቤታችን የአቶ ገብረትንሣኤ ለቅሶ ላይ ነው። ሉልሰገድ የእድራችን ጸሐፊ ነው። ድንኳን ውስጥ የመጣውን ሰው ሲመዘግብ ቆየና አንድ ወረቀት ጉልበቴ ላይ አኖረ። «ትንሽ የግል ጉዳይ ናት ጋሼ፣ ማኅተምዎንም ጣል ያድርጉባት» አለኝ በሹክሹክታ። ሬሳ በወጣበት ቤት ስለ ወረቀት ማን ይከራከራል? ነውር ነው። መነጽሬን እንኳ ሳላወጣ ፈረምኩለት። ሌላውም እንደዚያው።

«የእርስዎ ነው?» አለች ባለሙያዋ።

«የኔ ነው። ግን አላነበብኩትም።»

አየችኝ። አክበረትም አየችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«እሱን ጽፈው ያስገቡ፤ ሌሎቹም ካስተባበሉ ይታያል» ተባልኩ።

ጻፍኩ። ከዚያ አሥራ ሦስቱን ጎረቤት በየቤቱ ዞርኩ። ወይ ሰው! አንዱ ዝም አይነቅዝም አለኝ። ሌላዋ አሞኛል አለች። አቶ ተስፋሁንማ ጭራሽ «ከእድር ጸሐፊ ጋር ልታጣላኝ ነው እንዴ? ነገ ብሞት ድንኳኑን ማን ይተክልልኛል?» ብሎ በሩን ዘጋብኝ። ለሬሳው ሲል በቁሙ የሞተ!

አንድም ሰው አልመጣም። የኔ ቃል ብቻውን አልበቃ ብሎ ስሙ ለሉልሰገድ ጸና።

ውሳኔውን በሰማን ማግስት አክበረት ዘንድ ሄድኩ። ከተሰፉት አሻንጉሊቶች ላይ የስሙን ጨርቅ በምላጭ እየተረተረች ታወጣለች። እኔ ቆሜ ሉልሰገድን ረገምኩት፤ ሌባ አልኩት፣ አጭበርባሪ አልኩት፣ ዘር ማንዘሩን አነሳሁ። ሳታቋርጠኝ አስጨረሰችኝ።

«ሉልሰገድ ሌባ ነው» አለች፣ ቀና ሳትል። «ሌባ ደግሞ ይሰርቃል። እርስዎ ግን ጋሼ፣ ፊደል ቀርጸው እንጀራ የሚበሉ ሰው ነዎት።»