መዝጊያውን ያሸከሙኝ ሰው

አያ ይስማው ማረፋቸውን የሰማሁት ከሞጣ በተደወለ ስልክ ነው። የደወለልኝ ሰይድ ነበር፤ ያ ቢቸና ላይ ተከራዬ የነበረው ልብስ ሰፊ። «እማማ ስመኝ፣ አያ ይስማው አረፉ» ብሎ አለቀሰ። እኔም አለቀስሁ። ከዚያ ሁለታችንም አንድ ነገር ትዝ አለንና በለቅሶው መሃል ሳቅን። ለምን እንደሳቅን፣ እሳቸውን ለምታውቁ ሁሉ ልንገራችሁ።

አያ ይስማው በስተእርጅና ሞጣ፣ ልጃቸው ዘንድ ከመግባታቸው በፊት ቢቸና ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጠው ማመልከቻና ክስ ሲጽፉ ኖረዋል። ደሃ ሲመጣ መጀመሪያ በርጩማ ያቀርቡለታል፤ ነገሩንም እስከ መጨረሻው ያዳምጡታል። ውሸት የሸተታቸው እንደሆነ ብዕራቸውን ከድነው «ይህን ለዳኛው ሳይሆን ለነፍስ አባትህ ንገረው» ይላሉ።

እኔ ከባለቤቴ የቀረችኝን አንዲት ክፍል ለሰይድ ያከራየሁት በቃል ነበር። ወረቀት ከተጻፈ የኪራይ ግብር ይመጣል ብዬ ፈራሁ። ብልህ የሆንሁ መስሎኝ ነበር። ልጄ ከግንደወይን ልጇን ይዛ ልትመጣ ሆነና ሰይድን በሳምንት ውስጥ ልቀቅ አልሁት። የሰው ጨርቅ ቆርጬ ይዣለሁ፣ ቤት እስካገኝ ይታገሡኝ አለ። አልታገሥሁም። ገበያ በወጣበት ካቻቢቴ ይዤ ሄድሁና መዝጊያውን ነቅዬ ቤቴ አስገባሁት። የገዛ መዝጊያዬን ማን ይከለክለኛል? ሰይድ አልጮኸም። በሩን በአንሶላ ጋርዶ አደረና ሲነጋ «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ ከሰሰኝ።

መጥሪያው ሲደርሰኝ መልስ ይጻፉልኝ ብዬ አያ ይስማው ዘንድ ሮጥሁ።

«ክሱን የጻፍሁት እኔ ነኝ» አሉኝ።

የስንት ዘመን ጎረቤቴ ሆነው እንዴት በእኔ ላይ ይጽፋሉ ብዬ ጠረጴዛቸውን መታሁ። በደጃፉ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ስመኝ፣ ቤቱ ያንቺ ነው። መዝጊያው ግን ሰውየው እስኪወጣ ድረስ የሱ ነው።» ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው፣ «ልጅሽ ግንደወይን የምትኖረው በኪራይ አይደል? አከራይዋ መዝጊያውን ቢነቅልባትስ?» አሉኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ፍርድ ተጓደለ እያልሁ ከሰው ስጣላ የኖርሁ ሴት፣ ቤቴ ተመልሼ መዝጊያውን አነሣሁ።

መዝጊያውን በጀርባዬ አዝዬ በገበያው መሃል አለፍሁ። «ስመኝ፣ ስንት ነው ዋጋው?» እያሉ ያላገጡብኝ ብዙ ናቸው። አያ ይስማው ብሎኖቹን በባርኔጣቸው ይዘው ከኋላዬ ይከተሉኛል፤ ላጋጩንም «አይሸጥም፤ ባለቤቱ ዘንድ እየሄደ ነው» ይሉታል። ሰይድ ደግፎ፣ እኔ አጥብቄ ገጠምነው። ተጣሞ ገባ። ሦስታችንም ቆመን አየነውና በሳቅ ፈረስን።

እዚያው የሰይድ ስፌት መኪና ላይ ውል ጻፉልን፦ እሱ በሦስት ወር ሊለቅ፣ እኔም እስከዚያ ኪራይ ላልጨምር። ገቢዎች ጽሕፈት ቤትም አብረውኝ ሄደው አስመዘገቡኝ። የተጠራቀመው ግብር ቢያመኝም «ከፍርሃት ይረክሳል» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነበር። ሰይድ ክሱን ተወ። ልጄ ሦስት ወር ሙሉ እያጉረመረመች ከእኔ ጋር በአንድ አልጋ ተኛች። ሰይድም በቀኑ ቤቱን ጠርጎ፣ ቁልፉን ለልጅ ልጄ ከሰፋው ቀሚስ ጋር አስረከበኝ። በቀብርዎ ዕለት እሱና እኔ ሞጣ ላይ ጎን ለጎን ቆመን ነበር፣ አያ ይስማው።

ለቀስተኛው ይህች ዓለም የኪራይ ቤት ናት ሲል ሰማሁ። እርስዎ ቢሆኑ «ውሉን አምጡ፤ የማስጠንቀቂያ ጊዜው ስንት ይላል?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ለእርስዎ የአንድ ቀን ማስጠንቀቂያ እንኳ አልተሰጠዎትም፤ ይህን አልወደድሁትም፣ እርስዎ ዘንድ ስመጣም እጠይቃለሁ። ልጄ የራሷን ቤት ከያዘች ወዲህ ክፍሏን መልሼ አከራያለሁ። አናጢ መዝጊያውን ላቃናው ብሎ ቢመጣ መለስሁት። አዲስ ተከራይ ሲገባ፣ ውሉን ከመፈረማችን በፊት ለምን እንደተጣመመ እነግረዋለሁ። እንግዲህ ያለ ሐሳብ ይረፉ፣ አያ ይስማው። መዝጊያው በቦታው ነው።