የማሬክ ቤትና የወይዘሮ ላን ጠረጴዛ

የማስተምርበትን ትምህርት ቤት በሮች የሚያድሱ አናጢዎች ዛሬ እንጨት ሲልጉ፣ ሽታው ክፍሌ ድረስ ገብቶ ከአገር ውጭ ያደግኩበትን የትሮስተሩድ ሰፈር ጎረቤታችንን ማሬክን አስታወሰኝ።

ማሬክ ፖላንዳዊ አናጢ ነበር። ከእሱ ፊት ለፊት ወይዘሮ ላን የሚባሉ የቬትናም ሴት ከአራት ልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። እኔ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ማወዳደር ስለምወድ ደብተሬን ለሁለት አሰመርኩና ማሬክ ይበልጣል ብዬ ደመደምኩ። እሱ አዲስ መኪና አለው፤ እነወይዘሮ ላን ግን ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነው የሚበሉት።

ይህንኑ ለወይዘሮ ላን ስነግራቸው ሳቁ።

"ጠረጴዛው የልጆቹ ማጥኛ ነው፤ ለራት ብለን ደብተር አናነሳም" አሉኝ። "ማሬክ አገሩ ትልቅ ቤት እየሠራ ነው፤ እዚህ ግን ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር በአንድ ክፍል ነው የሚያድረው። እኛ የምንመለስበት የለንም፤ ያለንን እዚሁ አፈሰስነው።"

"ታዲያ ማን ይሻላል?"

"እኔ ምን አውቄ! የእናትሽስ ቤት የት ነው?"

ጥያቄውን ለእማዬ አደረስኩ። እማዬ ቀን ቢሮ ታጸዳለች፤ አዲስ አበባ ለጀመረችው ቤት ጣሪያ ስትል ደግሞ የማታ ሥራ ጨምራ ነበር። በሳምንቱ የማታውን ሥራ ተወችና አጠገቤ ተቀመጠች።

"ጣሪያው ይቆይ፤ እስቲ ያጠናሽውን አስረጂኝ" አለችኝ።

ማስረዳት የለመድኩት ያኔ ነው። ሁለቱንም ሴቶች አመሰግናለሁ። ቤቱ ግን ዛሬም ጣሪያ የለውም፤ እማዬ ጡረታ ስትወጣ የት እንደምትኖር አንዳችንም አንስተን አናውቅም።