የአባቴ ሁለተኛ ዓይን

ዛሬ ከሥራ ተመልሼ፣ እግሬን እንኳ ሳላሳርፍ፣ የአባቴን አሮጌ ቦርሳ ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረድሁት። አራዳ ያለው የሥዕል ጋለሪ የቅዳሜውን የቤተሰብ ፕሮግራም እንደገና ሊጀምር ነውና፣ በልጅነታችን እዚያ የሣልነውን ይዘን እንድንመጣ ጠይቆን ነበር። ቦርሳው ሲከፈት የሙጫና የውሃ ቀለም ሽታ ወጣ፤ ደክሞኝ ስለነበር እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልሁ።

ያን ጊዜ አባቴ የሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበር። ሥራ ላይ አድሮ፣ ቅዳሜ ጧት ከሰፈራችን ከማራኪ በሚኒባስ ይወስደኛል፤ በግራ እጁ ቦርሳውን ስለሚይዝ እኔ ሁልጊዜ በቀኙ ነኝ። መጀመሪያ ስለ ሥዕል ንግግር ይደረጋል፤ አባቴን እንቅልፍ እያንገላጀው ራሱን ሲነቀንቅ፣ ተናጋሪው የተስማማለት እየመሰለው ንግግሩን ያስረዝማል። ከዚያ ወንበሩ ተገፍቶ፣ ወረቀት ወለሉ ላይ ተነጥፎ፣ ቤተሰብ እርስ በርሱ ይሣላል። መርፌ ሲወጋ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሐኪም የሚስቱን አፍንጫ ለመሣል ሲያልበው እያየን እንስቅ ነበር።

አንድ ቅዳሜ አባቴን፣ አጠገቡ ተቀምጬ እንዳየሁት፣ ከጎኑ ባንድ ዓይን ሣልሁት። የዕለቱ ተናጋሪ አያ ገላው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲሥሉ የኖሩ ሽማግሌ፣ ወረቀቱን ሲያነሡ ፊታቸው ጠቆረ።

«ምነው ልጄ፣ አባትሽ ምን በደለሽ? ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ነው የሚሣል፤ ባንድ ዓይን የሚሣለውማ ሰይጣንና ይሁዳ ነው።»

በሰው ሁሉ ፊት አባቴን ይሁዳ አድርጌው እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ብሩሹን ሰጥተው ሁለተኛውን ዓይን እንድጨምር አዘዙኝ፤ አባቴ ግን እጄን ያዘ።

«ይተዉት አያ ገላው፤ ከጎኔ ሆና ነው ያየችኝ።»

ሲደርቅ አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። እኔ በሆዴ አንድ ቀን አስተካክለዋለሁ ብዬ ነበር፤ ፕሮግራሙ ተቋረጠ፣ እኔም አደግሁ፣ ሥራና ልጅ ማሳደግ ጊዜዬን ወሰደው፣ አባቴም ካረፈ ሰነበተ።

ዛሬ ደግሞ በሰው ፊት እንዳላሳፍረው ብዬ፣ ከልጄ ቀለምና ብሩሽ ተውሼ ወረቀቱ ላይ አጎነበስሁ። የመታወቂያ ጉርድ ፎቶው አለ፤ እሱ ግን ለመንግሥት የተቀመጠ ሰው ነው እንጂ የእኔ አባት አይደለም። የቀኝ ጉንጩን ጠባሳ፣ ከቅንድቡ መካከል የሸበተችውን አንዲት ፀጉር ሳይቀር አውቃለሁ። ግራውን ግን ባስብ ባስብ አልመጣልኝ አለ፤ በዚያ በኩል ቦርሳው ነበር።

ብሩሹን አጥቤ ለልጄ መለስሁላት።