ወኪሉን የሸኘሁበት ግጥም

ሱዳን አገር፣ ቁረይሻ በሚባል ቦታ ሰሊጥ ሳጭድ አንዲት ደብተር ነበረችኝ። ከጋዜጣና ከካሴት ሽፋን የቆረጥኋቸውን ዘፋኞችና ሹማምንት እለጥፍባታለሁ፤ ከጎናቸውም የሰማሁትን ዘፈንና የለመድሁትን ዓረብኛ በማያምር ጽሕፈቴ እጭርባት ነበር። የእርሻው ወኪል፣ እሱም እንደኔው የጎንደር ሰው፣ «ይኸ ፖለቲካ ነው» ብሎ ቀማኝና የወጥ እሳት አያያዘባት። በማግስቱ አጨዳው ላይ ዜማ አውጥቼ፣

«ወኪላችን ጀግና፣ ልቡ የአንበሳ፣
ወረቀት ማረከ ጦርም ሳያነሳ»

አልሁ። አጫጁ ሁሉ ተቀበለኝ። ጎረምሶቹም በስልክ ቀድተው ገዳሪፍ ከተማ ድረስ አደረሷት።

ዘንድሮ ወኪሉ ስኳር ይዞ ቤቴ መጣ።

«አባ፣ ልጄን ልድር ነው። አዝማሪው ያችን ግጥም እንዳይላት ይንገሩልኝ። ኻላስ፣ ይብቃኝ።»

«እሺ ልጄ፣ ስኳሩን እዚያ አስቀምጠው» አልሁት።

በሰርጉ ቀን ከፊት ተቀመጥሁ። አዝማሪው ማሲንቆውን ቃኝቶ ወኪሉን አየ፤ ቀጥሎ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው እኔን አየኝ። ሙሽራይቱ አሳዘነችኝ። ቢሆንም በአንገቴ «በል» አልሁት። ድንኳኑ ሙሉ ሲቀበለው ወኪሉ መሬት መሬቱን ያይ ነበር፤ እኔ ቀስ ብዬ አጨበጨብሁ።