አጥር ጋ የምስለው ሳል

መጀመሪያ የመጣው ደረቅ ሳል ነው። ጥር ላይ ጀመረኝ። የማሽላ ውቂያ አቧራ ነው ብዬ ናቅሁት።

እኛ ቆቦዎች ዘንድ ሽማግሌ የራሱም ቤት ቢሆን ዝም ብሎ አይገባም። አጥሩ ጋ ሲደርስ ይስላል፤ ውስጥ ያሉ ሴቶች እንዲሰናዱ። እኔም ከሚስቴ ከዘይነባ በቀር ማንም በሌለበት ቤት፣ እንደ ሱልጣን እየሳልሁ ስገባ ኖሬያለሁ።

የልጅ ልጄ ሐዋ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ትማራለች። በዚያ ሰሞን ለመመረቂያ ጥናቷ አሮጌ ስልክ ግድግዳችን ላይ ሰቀለች። ስልኩ ድምፅ ሰምቶ ሰው ምን እያደረገ እንደሆነ ይለያል፤ ይበላል፣ ይራመዳል፣ ወድቋል፣ ታሟል። የሕመም ሳል ከበዛ ለእሷ መልእክት ይልካል። የሚለየው ኒውራል ኔትወርክ በሚባል ነገር ነው።

"እንደ ሕፃን ነው አባባ" አለችኝ። "የነገሩትን ያምናል።"

ለየድምፁ ስም መስጠት የእኔ ሥራ ሆነ። ስስል ስልኩ ይጠይቃል፦ የሕመም ነው ወይስ የመግቢያ? ሁሌ "የመግቢያ" የሚለውን እነካለሁ። ሐዋ ካወቀች ሐኪም ቤት ትጎትተኛለች። ሰባ ዓመት አልፎኝ መርፌ እፈራለሁ።

ቆይቶ መጠየቁን ተወ። ተምሯል። አንድ ቀን ከመደብ ሳልነሣ ስስል "ሰው እየገባ ነው" ብሎ ጻፈ። ለዘይነባ አሳየኋት።

"ይኸው፣ ጤነኛ ነኝ።"

"ተቀምጠህ ወዴት ነው የምትገባው?"

"ጀነት።"

"አንተን? ሳልህን ሲሰሙ በሩን ይዘጉታል።"

ሳቀች። ከዚያ እሷም ሳለች። ስልኩ "ሰው እየገባ ነው" አለ።

መጋቢት ላይ ደም ተፋሁ። አክታ ሰጠሁ። ቲቢ ነው።

"ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?" አለ ሐኪሙ።

"ከባለቤቴ።"

"ትስላለች?"

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

"ዛሬውኑ ያምጧት።"

ዘይነባ ስኳር ነበረባት። ሁለቱም ሳንባዋ ተጎድቷል። መድኃኒት ጀመረች። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሞተች። ከእኔ ተላልፎባት እንደሆነ ሐኪሙን ጠየቅሁት። "ሊሆን ይችላል" አለ።

ሐዋ ለለቅሶ መጥታ የስልኩን መዝገብ አየች። "የእሷንም ሳል መግቢያ ብሎታል። ጥፋቱ የእኔ ነው" አለች። እንዲያ ብሎ እንዲጠራው ያስተማርሁት እኔ መሆኔን ነገርኋት። ከዚያ በኋላ ቀና ብላ አላየችኝም።

እኔ ግን ዳንሁ። ስድስት ወር ሙሉ፣ ሽንት የሚያቀላውን ሪፋምፒሲን የተባለ መድኃኒት ከሌሎቹ ክኒኖች ጋር ነርሷ ፊት እየዋጥሁ፣ በገመድ የታሰረው ሱሪዬ ቀስ በቀስ ያለ ገመድ መቆም እስኪጀምር፣ ቀድሞ በባጃጅ የምሄደውን መንገድ በእግሬ እስክመለስበት ድረስ ታከምሁ። የፈራሁት መርፌ ለደም ምርመራ አንድ ጊዜ ጣቴን ወጋኝ። ትንኝ ይብሳል።

ያችን ነርስ አላህ ይክፈላት፤ ብቀልድባትም አንድም ቀን አላመናጨቀችኝም። እናንተ የምትስሉ፣ ሁለት ሳምንት ካለፋችሁ ሂዱና አክታ ስጡ። አብሯችሁ የሚተኛውንም ይዛችሁ ሂዱ። የሚጠይቃችሁ ሰውም ይሁን ስልክ፣ እውነቱን ንገሩት።

ስልኩን ሐዋ ልታወርደው ነበር፤ ተይው አልኋት። ዛሬም አጥሩ ጋ ስደርስ እስላለሁ። "ሰው እየገባ ነው" ብሎ ይጽፋል። አሁን ልክ ነው። ውስጥ የሚሰናዳ ሰው ግን የለም።