ሲስተር አሰጋሽ የሰበረችው መስታወት

ሲስተር አሰጋሽ ቂሊንጦ ባለ አንድ የሳሙና ፋብሪካ ክሊኒክ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። የአቃቂ ባቡር ሠራተኛ የነበሩት አባቷ፣ “አለቃ ሲቆጣሽ ዝም ብለሽ ስሚው፤ ከዚያ ልክ የመሰለሽን አድርጊ” እያሉ ነው ያሳደጓት። ዝም ብሎ መስማቱን ግን ብዙም አልለመደችውም።

ከሁለት ዓመት በፊት ፋብሪካው የልብ ማስነሻ መሣሪያ ገዛ። ደረት ላይ የሚለጠፉ ሁለት ፓዶች አሉት። ፓዶቹ የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት ይወስዳሉ፤ መሣሪያው ያንን አንብቦ ልቡ በደንብ እየመታ ነው ወይስ ዝም ብሎ እየተንቀጠቀጠ የሚለውን ይለያል፤ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ በኤሌክትሪክ ይመታ ብሎ ያዛል። አሰጋሽ ሥልጠናውን ወሰደች። መሣሪያው ግን ከሠራተኛው ርቆ፣ በቢሮው ሕንጻ ውስጥ፣ በሰው ኃይል ኃላፊው በአቶ ሰይፈሥላሴ በር አጠገብ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቆለፈበት። ወደ ምርት ክፍል ይምጣ ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀች። ውድ ዕቃ ነው፣ ይጠፋል ተባለች። “ታዲያ የተገዛው ለጎብኚ ነው?” ብላ ስብሰባ መሃል ተናገረች፤ ከዚያ ወዲያ እጅ ብታወጣም ዕድል የሚሰጣት ጠፋ። እሷም ማንንም ሳታስፈቅድ በምሳ ሰዓት ዐሥር ያህል ሠራተኞችን ልቡ የቆመን ሰው ደረት መጫን አስተማረች።

ባለፈው ግንቦት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጃለታ መጋዘን ውስጥ ወደቀ። ጃለታ አርባ ስምንት ዓመቱ ነው። ፋብሪካው ያረፈበትን መሬት ያርስ የነበረው አባቱ ነው፤ እሱ ዛሬ እዚያው ላይ ካርቶን ይጭናል።

አሰጋሽ ስትደርስ ሰው ከቦታል። የሚጥል በሽታ ነው ብለው ክብሪት ጭረው ያሸትቱታል። ጃለታ አልፎ አልፎ እንደ ማንኮራፋት ያለ ድምፅ ያሰማ ስለነበር፣ አልሞተም ብለው ተጽናንተዋል። ጠራችው፤ አይሰማም። አንገቱ ላይ ጣቷን አሳረፈች፤ የሚመታ ነገር የለም። ካስተማረቻቸው አንዷ ሌንሳ፣ የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛዋ፣ ተንበርክካ ደረቱን መጫን ጀመረች። አሰጋሽ ወደ ቢሮ ሮጠች።

አቶ ሰይፈሥላሴ ቁልፉን ከመስጠታቸው በፊት ለሥራ አስኪያጁ ልደውል አሉ።

“አምቡላንስ ተጠርቷል። ነካክተሽው ሰውየው ቢሞት ማን ይጠየቃል?”

“እኔ” አለች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእሳት ማጥፊያ አውርዳ መስታወቱን መታችው።

መጋዘን ተመልሳ የጃለታን ሸሚዝ በመቀስ ቀደደች፤ ላቡን በጋዋኗ ጠርጋ ፓዶቹን ለጠፈች። ኃላፊው ተከትለዋት መጥተው ነበር።

“ይተነፍሳል እኮ! በሕይወት ያለ ሰው በኤሌክትሪክ ልትመቺ ነው?”

ሰውም አጉረመረመ።

“እሱ ትንፋሽ አይደለም፤ ልቡ የቆመ ሰው እንዲህ ያንኮራፋል” አለች ቀና ሳትል። “ደግሞ ልቡ በደንብ የሚመታ ከሆነ መሣሪያው ራሱ እምቢ ይላል። ሁላችሁም እጃችሁን አንሡ።”

መሣሪያው ጥቂት ሰከንድ አነበበና በኤሌክትሪክ እንድትመታው አዘዛት። ማንም እንዳልነካው አይታ የመሣሪያውን መምቻ ቁልፍ ተጫነች። የጃለታ ሰውነት ተወራጨ። ሌንሳ ወዲያው ደረቱን መጫን ቀጠለች። ከሁለት ደቂቃ በኋላ መሣሪያው ዳግመኛ አንብቦ ዳግመኛ አዘዘ። ከሁለተኛው ምት በኋላ ጃለታ አቃሰተ፤ የሌንሳንም እጅ ገፋ አደረገ። ሌንሳ እዚያው ተቀምጣ አለቀሰች። አምቡላንሱ የደረሰው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው።

በሦስተኛው ቀን አሰጋሽ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት፤ ንብረት በመስበርና ትእዛዝ ባለማክበር ይላል። መቀበሏን እንድትፈርም ሲሰጧት ከግርጌው “መስታወቱን ሰብሬያለሁ። ነገም እሰብራለሁ” ብላ ጽፋ ፈረመችበት።

ጃለታ በሁለት ወሩ ወደ ሥራ ተመለሰ፤ ቀለል ያለ ቦታ፣ በር ላይ መዝገብ ያዥነት ተሰጠው። የመዳኑ ወሬ በየቦታው ስለተሰማ መሣሪያውም ምርት ክፍል መግቢያ ላይ ተሰቀለ፤ ሳጥኑ አይቆለፍም። የሠራተኛ ማኅበሩ ደብዳቤው ከፋይሏ እንዲወጣ ሊከራከርላት ተነሣ። እሷ ግን አልፈለገችም።

“ተዉት ይቀመጥ” አለቻቸው። “የተጻፈው እውነት ነው።”