የልብስ ሰፊዋ ቤት ሽታ

የቧንቧ ሠራተኛው መሮውን የሽንት ቤቱ ወለል ላይ ደግኖ በመዶሻ ሲመታ ልብስ ሰፊዋ ከበሩ ላይ ጮኹ።

“ደግሞ ልትፈነቅለው ነው? ያለፈው ሲሚንቶ እንኳ በቅጡ አልደረቀም!”

“እትዬ፣ ካልፈነቀልኩት በምን ዓይኔ ልየው?”

“እኔ ምን አውቅልሃለሁ። ሽታው ዛሬ ካልጠፋ ግን መቀመጫውንም ቧንቧውንም ነቅለህ ይዘህልኝ ትሄዳለህ። እንግዳ ፊት አዋረድከኝ እኮ!”

የቧንቧ ሠራተኛው መዶሻውን እንደገና አነሣ። ሰፈሩ “ጎንበስ” ይለዋል፤ ቀና ብሎ ሲሠራ ያየው ሰው የለም። በዚያ ሰፈር ሽንት ቤትን ከጓሮ ወደ ቤት ውስጥ ያስገባ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ሁለተኛ ልጁ በተቅማጥ ሞታ ነበር። የመጠጥ ውሃቸው የሚቀዳው ከሽንት ቤት ጉድጓድ አጠገብ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ብዙ አላወራም። የገዛ ቤቱን ጥግ ቆፍሮ ቧንቧውን ከመንገዱ ፍሳሽ መስመር ጋር አገናኘ፤ መቀመጫ ተከለ።

ሰፈሩ ሳቀ። “እኛ ከቤት ልናርቀው ስንለፋ አንተ አልጋህ አጠገብ ታስተኛዋለህ?” አለው የሰፈሩ ባለ ሱቅ።

ጎንበስ አልተቆጣም። ከመቀመጫው ሥር ያለውን ቧንቧ፣ ሲፎን የሚሉትን፣ ለሁሉም እያነሳ አሳየ። ወደ ታች ወርዶ ተመልሶ ወደ ላይ ይታጠፋል። መታጠፊያው ውስጥ ሁልጊዜ ውሃ ይቀራል። ሽታ ያንን ውሃ አልፎ አይወጣም። በቃ። አንዳንዱ አመነ፣ አንዳንዱ ልብስ ሰፊዋን ጠበቀ። ከእሳቸው የበለጠ ንጹሕ ሰው በመንገዱ ስለሌለ፣ እሳቸው ቤት የገባ ነገር የትም ይገባል። በኋላ እሳቸውም አስተከሉ። አሁን ከእሳቸው ቤት ከተነቀለ ግን ሰዉ ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። ይህን ጎንበስም ያውቃል፣ ባለ ሱቁም ያውቃል።

ግራ የገባው እዚህ ላይ ነው። ጎንበስ ከተከለላቸው አንዱ፣ ከታች ያለ የሹፌር ቤት፣ ልጅ በልጅ ነው፤ ሽንት ቤቱ ለአፍታ አያርፍም፣ ግድግዳው ጭቃ በጭቃ ነው፣ ሽታ ግን የለም። የልብስ ሰፊዋ ሽንት ቤት መስታወት ይመስላል። ይሸታል፤ ያውም አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ።

በተጠራ ቁጥር ይመጣል። መጀመሪያ አንድ ባልዲ ውሃ ለቆ አወራረዱን ያያል። ከዚያ መገጣጠሚያዎቹን ሲፈታና ሲያስር ይውላል። ከሰዓት በኋላ ሽታው የለም። “ይኸው ጠፋ” ብሎ ይሄዳል። ሳምንታት አልፈው እንደገና ይጠራል። ምን እንዳደረገ ሳያውቅ አጥፍቶት፣ ለምን እንደተመለሰ ሳያውቅ ይመለስበታል። ሲሚንቶውን ጠረጠረ። አይጥ ጠረጠረ። በመጨረሻ የገዛ አፍንጫውን ጠረጠረ።

“እስቲ ንገሪኝ፣ አፍንጫዬ ደህና ነው?” አላት ሚስቱን።

“አፍንጫህስ ደህና ነው። አፍህን ዝጋልኝ እንጂ። በእንቅልፍህ ‘መገጣጠሚያው፣ መገጣጠሚያው’ እያልክ እኔንም አፍርሰህ ልትገጥመኝ ነው።”

ዛሬ ወለሉን ፈንቅሎ የመጨረሻውን መገጣጠሚያ አገኘው። ደረቅ ነው። አልተሰነጠቀም፣ አላፈሰሰም። እጁን አሹልኮ ዙሪያውን ዳበሰ፤ ምንም። ተረከዙ ላይ ቁጢጥ ብሎ ቀረ። ባለ ሱቁ ወሬ ሸትቶት መጥቶ በሩን ተደግፏል።

“እና ዛሬስ በማን ልታመካኝ ነው?”

“ተወኝ ወንድሜ። እኔም አላውቅም።”

“አላውቅም ካልክ እኔ ቤት የምታስገባውን ነገር እርሳው።”

ጎንበስ ተነሣ። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ሽንት ይዞት ነበር። የተፈነቀለው ክፍል ውስጥ ሰው ፊት አይሆንም። ወደ ሳሎኑ ወጥቶ የልብስ ሰፊዋን ምራት፣ “እህቴ፣ ባለ ሱቁን ውጣ በይልኝና አንዴ ልጠቀም” አላት።

“ጓሮ ሂዳ” አለች፣ ከያዘችው ጥልፍ ዓይኗን ሳታነሣ።

“ጓሮ ምን አለ?”

“ሽንት ቤት ነዋ።”

“ጉድጓዱ? እስካሁን አልተደፈነም? ታዲያ ይኼስ?”

“እሱማ ለእንግዳ ማሳያ ነው። እትዬ ቆልፈውበት ቁልፉ ከመቀነታቸው አይወጣም። ከዚያ ሌላ ለጽዳትና ለአንተ ብቻ ነው የሚከፈተው።”

“እናንተስ?”

“ምን በወጣን! ያንን የመሰለ ነገር ልናቆሽሽ?”

“በምንድን ነው የምታጸዱት?”

“በጨርቅ እወለውለዋለሁ። ውሃ አይነካውም።”

ጎንበስ ወደ ሽንት ቤቱ ዞረ። ሽንቱም ጠፋበት። ሲፎኑ ውስጥ ያለው ውሃ ማንም ሳይጨምርበት ቀስ በቀስ ደርቆ ያልቃል። ውሃው ሲያልቅ ሽታው የሚያግደው የለም። በመጣ ቁጥር ሽታውን ያጠፋው መፍቻው አልነበረም፤ መጀመሪያ የሚለቀው ባልዲ ውሃ ነው። ባልዲውን አነሣ። ይህን ሁሉ ወለል በምን ምክንያት እንደፈነቀለ ግን ለራሱም ማስረዳት አቃተው።

ለልብስ ሰፊዋ ነገራቸው። እሳቸውም ወገባቸውን ያዙ።

“እና ሁልጊዜ ተጠቀሙበት ብለህ ለምን አልነገርከኝም?”

“እትዬ፣ ሽንት ቤት ተጠቀሙ ተብሎ ይነገራል እንዴ?”

“ልብስ ስሰፋ ባለቤቱን ለክቼ፣ አልብሼ ነው የምሸኘው። አንተ ተክለህ ሄድክ። እኔ እንደ ቡፌ ዕቃ አስቀመጥኩት። ማን አጠፋ?”

ባለ ሱቁ ሳቀ። ጎንበስ ማን እንዳጠፋ አሰበ፤ ሊለየው አልቻለም። ልብስ ሰፊዋ ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈተው ለምራታቸው ሰጡ።

“መጀመሪያ አንቺ ግቢ። ሰውዬው ወለሉን ይድፈንልሽና።”

ከዚያ በኋላ ጎንበስ አዲስ ሽንት ቤት በተከለ ቁጥር የቤቱ ሰው ገብቶ እስኪጠቀምበት በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። መጀመሪያ አስተክሎ ያስጠበቀው ባለ ሱቁ ነው።